የአሮጌው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ታሪክ ባለቤት ይሰየምለት
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕ
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለኦሮሚያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ክቡራትና ክቡራን፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር በተዘረጋው የወንጂ ሜዳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገዳ ሲፈጩ ኖረው ሥራቸውን ስላቆሙት ሁለት አሮጌ ፋብሪካዎች፣ ማለትም ስለ ወንጂና ስለ ሸዋ ስኳር ፋብሪካዎች ነው። ጉዳዩን የማቀርበው በዚያው ሜዳ፣ በሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ሆኜ ነው። ፋብሪካዎቹ እንደገና ይንቀሳቀሱ የሚል ጥያቄ የለኝም፤ ዕድሜያቸው አልቆ እንደተዘጉ አውቃለሁ፤ መዘጋታቸውም ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የደመወዝ ወይም የጡረታ አቤቱታም አላነሣም። ጥያቄዬ አንድ ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ከተተከሉ ጀምሮ ብዙ ባለቤቶች ተፈራርቀውባቸዋል፤ ሥራቸውን ሲያቆሙ ግን እርሻውና ምርቱ ወደ አዲሱ ፋብሪካ ተሻገረ እንጂ ታሪካቸውን የተረከበ አልተገኘም። ስለዚህ በስም የሚታወቅና በኃላፊነት የሚጠየቅ የታሪክ ባለቤት እንዲሰየምላቸው እጠይቃለሁ።

ፋብሪካ እያልን ብንጠራውም የስኳር ፋብሪካ ከሥሩ ሲታይ ወፍጮ ነው። እናቶቻችን ጤፍ ተሸክመው ከሚሄዱበት ወፍጮ ቤት የሚለየው በግዝፈቱና ከመፍጨቱ በኋላ በሚከተለው የማጣራትና የማብሰል ሥራ ነው፤ ሠራተኛውም አገዳው የሚጨመቅበትን ክፍል «ሚል» ነው የሚለው። ወፍጮ ደግሞ በአገራችን ልማድ ከባለቤቱ ስም ጋር የሚጠራ ነገር ነው፤ «የእገሌ ወፍጮ» ይባላል፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። የወንጂው ግን ባለቤት በተለዋወጠ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ተለወጠ እንጂ ሕዝቡ ከወንጂነቱ አላወጣውም። የባለቤቶቹን ቅደም ተከተል ለመተረክ የምሞክረው፣ እያንዳንዱ ባለቤት ምን ጨምሮ ምን ጥሎ እንደሄደ ካልታወቀ ጥያቄዬ የናፍቆት ጥያቄ ብቻ መስሎ ስለሚታይ ነው። አብዛኛው የኩባንያ ሰነድ በዚያ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማስፈሬን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ወፍጮም ስኳርም አልነበራቸውም። የላይኛው አዋሽ ሸለቆ ሜዳ የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት፣ በበጋ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት መሬት ነበር። ይህ መሬት ለአገዳ እርሻ ሲሰጥ የግጦሽና የውኃ መብታቸው ተቀነሰባቸው፤ በሸለቆው ላይ የተጻፉ ጥናቶች የሚያነሡት ነገር ነው። እኛ የካምፕ ልጆች የአገዳውን ጫፍ ቆርጠን ለከብቶቻቸው የሚወስዱትን እረኞች እንደ እንግዳ እያየን ነበር ያደግነው። እንግዶቹ እኛ መሆናችንን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ባለቤት በ1879 አምስተርዳም ላይ የተመሠረተው፣ በአጭሩ ኤች.ቪ.ኤ. እየተባለ የሚጠራው የሆላንድ የንግድ ማኅበር ነው። ይህ ኩባንያ ሀብቱን ያካበተው በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር በነበሩት በጃቫና በሱማትራ ደሴቶች፣ በስኳር አገዳና በሌሎች ተክሎች እርሻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስታውጅ፣ በዚያ የነበረው ሀብቱ ዋስትና እንዳጣ የገባው ኤች.ቪ.ኤ. ዓይኑን ወደ ሌላ አገር አዞረ። በዚያው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስኳርን ከውጭ መግዛት አቁሞ በአገር ውስጥ ለማምረት ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ፍላጎቶች ተገናኙና በ1951 ውል ተፈረመ፤ ኩባንያው ወደ 5,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት በወንጂ ተሰጠው። ጊዜውን ልብ ላለው ሰው፣ ወንጂ የተወለደችው ከአንድ አገር የነፃነት ትግል ዳፋ ነው ማለት ይቻላል። ኩባንያው በ1957 መጨረሻ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የሆላንዳውያንን ድርጅቶች ሲወስድ ጃቫ ላይ የፈራው ደረሰበት፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ዕጣ ወንጂ ላይ ሊያየው ነው።

የጃቫ ልምድ ግን ወንጂ ላይ እንዳለ አልሠራም። የወንጂ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ምክንያት በቆላማ አገሮች በአንድ ዓመት የሚደርሰው አገዳ እዚህ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ዝናቡ ስለማይበቃ እርሻው ገና ከጅምሩ በአዋሽ ውኃ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲያስቸግር፣ በበጋ ደግሞ ሲጎድል፣ ሁኔታው የተሻሻለው በ1960 ከወንጂ በላይ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የአዋሽን ፍሰት ማመጣጠን ከጀመረ በኋላ ነው። ግድቡ የተሠራው ጣልያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ ገንዘብ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ኩባያ ሻይ ውስጥ የሚሟሟ የወንጂ ስኳር የጃቫን፣ የአምስተርዳምንና የሮምን ታሪክ ይዞ ነው የሚሟሟው። የአገዳው ዘር ራሱ የሌላ አገር ነው፤ በእርሻው ለረጅም ዘመን የኖሩት ዝርያዎች ቢ 52298 እና ኤንሲኦ 334 ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ከባርቤዶስ፣ ሁለተኛው ከደቡብ አፍሪካ ናታል የመጡ ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን የምናውቀው የትኛው ለማኘክ እንደሚለሰልስ ብቻ ነበር።

ወንጂ ፋብሪካ በ1954 ማምረት ሲጀምር በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር የማውጣት አቅም ነበረው። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከእርሻ ማሳው እስከ ጆንያው ድረስ በአንድ ግቢ የሚያልቅ፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚሠራ እንዲህ ያለ ኢንዱስትሪ ከስንት አንድ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይቃጠላል፤ ቆራጩም ጥላሸት ለብሶ በገጀራ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ አገዳ ካደረ ስኳሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሳይዘገይ ወደ ፋብሪካው መድረስ አለበት። በሚሉ ክፍል በቢላዎች ይከተከትና በከባድ የብረት ሮለሮች መካከል በተከታታይ እያለፈ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በኖራና በድኝ ጭስ ይጣራል፤ ከዚያም እየተነነ ይወፍራል፤ በመጨረሻም አየር በተቀነሰባቸው ትላልቅ ማብሰያዎች ውስጥ ፍሬ ይይዛል። ፍሬው በሚሽከረከር ወንፊት ከሞላሰሱ፣ ማለትም ፍሬ ሳይይዝ ከሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ይለያል። የሚያስደንቀው ክፍል፣ ለእኔ ቢያንስ፣ ፋብሪካው ራሱን በራሱ መመገቡ ነው፤ ጭማቂው የወጣለት ገለባ፣ ባጋስ የሚባለው፣ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ይገባና እየነደደ ውኃውን እንፋሎት ያደርገዋል፤ እንፋሎቱም ሚሉን ያዞራል፣ ጭማቂውንም ያበስላል። በማብሰያው ፊት የሚቆመው ባለሙያ ፍሬው መድረሱን የሚያውቀው ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ በብርሃን በማየትና በጣቱ በመዳሰስ ነበር። ይህ እውቀት በየትኛውም ባለቤት የንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሮ አያውቅም።

በ1962 ከወንጂ ጎን ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ተጨመረ፤ አቅሙ በቀን 1,700 ኩንታል ነበር። ሁለቱ ተደምረው በዓመት እስከ 750,000 ኩንታል ያመርቱ ነበር። የአገሪቱ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ደስታ ከረሜላም ከዚሁ ግቢ የወጣ ነው። ኩባንያው በመቀጠል ወደ መተሐራ ተሻግሮ በ1969 ሦስተኛውን ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። የመተሐራ ታሪክ፣ በተለይም የከረዩ ኦሮሞ ጉዳይ፣ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።

ፋብሪካው መንደርም ሠራ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች በአገዳ ቆረጣ ወራት የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ ለአንድ ክረምት ወይም ለአንድ በጋ፣ ቀጥሎም ለዕድሜ ልክ ቀሩ፤ ስለዚህ በአንድ ረድፍ ቤት ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ መስማት ለእኛ የተለመደ ነበር። የሆላንዳውያኑ መኖሪያ በዛፍ የተከበበ፣ ክበብና መዋኛ ያለው ሲሆን የሠራተኛው ካምፕ ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ፋብሪካ ሳይረን ይነቁ ነበር፤ የሚበሉት ግን አንድ አልነበረም። ይህን ልዩነት ሳልጠቅስ ሆስፒታሉንና ትምህርት ቤቱን ብቻ ባመሰግን ለእውነት አልታመንም፤ ልዩነቱን ብቻ ጠቅሼ ሆስፒታሉን ብዘነጋም እንዲሁ።

ከዚያ ልዩነት የወጣ አንድ ነገር ግን የመላ አገሪቱ ታሪክ ሆኗል። የወንጂ ሠራተኞች ሕጉ ማኅበር ማቋቋምን በግልጽ ሳይፈቅድ በፊት ተደራጅተው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኛና አሠሪ ሕግ ወጥቶ በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት የኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት አብርሃም መኮንን ነበሩ። በመጋቢት 1974 አገሪቱን ያንቀጠቀጠውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠራው ይኸው ኮንፌዴሬሽን ነው። የኢትዮጵያን የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መምጣት ያለበት ወደ ወንጂ ነው፤ ቢመጣ ግን የሚያየው ሰሌዳ፣ የሚያነበው መዝገብ፣ የሚመራው ሰው አያገኝም።

በ1975 መጀመሪያ ደርግ ትላልቅ ድርጅቶችን በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ሲያደርግ ወንጂም ሁለተኛውን ባለቤት አገኘ። ሆላንዳውያኑ ሄዱ፤ ሚሉ ግን አልቆመም። ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች በኩራት የሚናገሩት ይህንን ነው፦ ነጮቹ ሲወጡ ፋብሪካው በወር ውስጥ ይቆማል ያሉ ነበሩ፤ ቦይለሩን የሚያነድደው፣ ሮለሩን የሚቀይረው፣ ጭማቂውን የሚያበስለው ግን ቀድሞውንም ኢትዮጵያዊው ነበርና ስኳሩ መውጣቱን ቀጠለ። በዚህ ዘመን በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በራሳቸው ይዞታ አገዳ እያመረቱ ለፋብሪካው ማቅረብ ጀመሩ፤ መሬቱን ያጡት ሰዎች ልጆች በከፊልም ቢሆን አገዳ አቅራቢ ሆነው ተመለሱ። ይህ ምን ያህል እንደጠቀማቸው ዛሬም የሚያከራክር ነው፤ የእኔ ግምት የጠቀመው ውኃ ለደረሰው ማሳ ባለቤት ነው የሚል ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። በስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይገኛል። ለካምፖቹ መጠጥ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ነበረው። በዚህ ምክንያት በካምፖቹ ያደጉ ልጆች ጥርስ እየቦረቦረና እየቀላ፣ ለብዙ ዓመታት የጠጡ አዋቂዎች አጥንት ደግሞ እየደረቀና ጀርባቸው እየጎበጠ ሄደ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ታትሟል፤ ስለ አጥንት ፍሎሮሲስ (ከፍሎራይድ ብዛት ስለሚመጣው የአጥንት ሕመም) የሚያጠና የሌላ አገር ተማሪ የወንጂን ስም የሚያውቀው ከስኳሩ ይልቅ በዚህ ነው። ማጣሪያዎች ከኤች.ቪ.ኤ. ዘመን ጀምሮ ተተክለዋል፤ ለሁሉም መንደር ግን አልበቁም። ይህን የማነሣው አንዱን ባለቤት ለመክሰስ አይደለም። ውኃው ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው የተላለፈ ውርስ ነበር፤ እያንዳንዱ ባለቤት ማሽኑን ቆጥሮ ሲረከብ ይህን ዕዳ ግን በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ያገኘው አይመስልም። አሮጌው ፋብሪካ ሙዚየም ቢሆን መጀመሪያ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ከእነዚያ ማጣሪያዎች አንዱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከ1991 በኋላ ያለው የባለቤትነት ታሪክ በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ስሞች ታሪክ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በደርግ ዘመን ፋብሪካዎቹን ያስተዳድር የነበረው ኮርፖሬሽን ፈርሶ እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱን የቻለ የልማት ድርጅት ሆነ፤ ከዚያ የስኳር ኢንዱስትሪ ድጋፍ ሰጪ ማዕከል መጣ፤ ቀጥሎ የስኳር ልማት ኤጀንሲ፤ በ2010 ስኳር ኮርፖሬሽን፤ በቅርቡ ደግሞ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕ። መንግሥት ከዓመታት ወዲህ የተወሰኑ ስኳር ፋብሪካዎችን ወደ ግል ለማዛወር ጨረታ ማውጣቱም ይታወቃል፤ ይህም የባለቤትነት ጥያቄ ገና እንዳልተቋጨ ያሳያል። መሥሪያ ቤት በፈረሰና በተቋቋመ ቁጥር ቢሮ ይዛወራል፤ ቢሮ ሲዛወር ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው አሮጌ ወረቀት ነው። እኔ ራሴ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ግቢ፣ በእርጥበት የተያያዙ የሠራተኛ ካርዶች ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተቆልለው አይቻለሁ፤ ከላይ በነበረው ካርድ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ይታይ ነበር። በአንጻሩ የኤች.ቪ.ኤ. የኩባንያ መዛግብት ሄግ በሚገኘው የሆላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል። የተባረረው ባለቤት ወረቀቱን ጠበቀ፤ የወረሰው ባለቤት አልጠበቀም። ይህን ስጽፍ በቁጣ ሳይሆን በኀፍረት ነው።

በመጨረሻም በሕንድ ብድርና በሕንድ ሥራ ተቋራጭ የተሠራው፣ በቀን 6,250 ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም ያለው አዲሱ ፋብሪካ ሲደርስ፣ አሮጌው ወንጂ በ2011፣ ሸዋ ደግሞ በ2013 ተዘጉ። አዲሱ ስሙን ከሁለቱ ወርሶ ወንጂ ሸዋ ተባለ። ስም መውረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ስም በሁለት ቦታ ሲጠራ አሮጌው ቦታ ቀስ በቀስ ስም አልባ ይሆናል።

ክቡራትና ክቡራን፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ቅርስን ሲተረጉም በሰው ልጅ የፈጠራ ችሎታና የጉልበት ውጤት የሆነ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህልና በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ይገልጻል። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ቤተ መንግሥት መሆን አለበት አይልም። በተግባር ግን ስለ ቅርስ ስናወራ ዓይናችን የሚያርፈው በድንጋይና በብራና ላይ ነው፤ ብረት፣ ቦይለርና የጭስ ማውጫ ጡብ ቅርስ ናቸው ሲባል የሚስቅ ባለሥልጣን አጋጥሞኝ ያውቃል። አክሱምንና ላሊበላን ያቆመው ጉልበት ታሪክ ከሆነ፣ በጥላሸት ተሸፍኖ አገዳ የቆረጠው ጉልበት ታሪክ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የሌላ አገር ምሳሌ ልጥቀስ፤ የመረጥሁትም ከወንጂ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር፣ ኒው ላናርክ የምትባል የጥጥ ፈትል ፋብሪካ መንደር አለች። በ1786 ዴቪድ ዴል የተባለ ነጋዴ መሠረታት፤ ከዚያ የልጁ ባል ሮበርት ኦወን ከሸሪኮቹ ጋር ገዝቷት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት በመክፈቱና የሕፃናትን ጉልበት በመቀነሱ ስሟን አስጠራው፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ባለቤቶች ተፈራርቀውባት በ1968 ተዘጋች። ቀጥሎ የገዛት የብረታ ብረት ሥራ ኩባንያ ነበር፤ ሕንፃዎቹም ይፈራርሱ ጀመር። የአካባቢው ሰዎች በ1974 የባለአደራ ማኅበር አቋቁመው ቤቶቹን ማደስ ያዙ፤ በ1983 በሕግ ተገድዶ እንዲሸጥ በተሰጠ ትእዛዝ ፋብሪካዎቹ ከብረታ ብረቱ ኩባንያ እጅ ወጡ፤ በ2001 ደግሞ መንደሯ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረች። ዛሬም ሰዎች ይኖሩባታል። ያዳናት ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ «የኔ ነው» የሚል ሕጋዊ አካል በጊዜ መቆሙ ነው። ወንጂ የዓለም ቅርስ ትሁን እያልሁ አይደለም፤ የአገር ቅርስ መዝገብ ይበቃታል።

እንግዲህ የምጠይቀው በተግባር ምን እንደሆነ ልግለጽ። ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕና ቅርስ ባለሥልጣን ተስማምተው ከአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች የቀረውን ሁሉ፣ ከሮለር እስከ ሳይረን፣ ከወርክሾፕ መሣሪያ እስከ ክበቡ ወንበር ድረስ፣ ቆጥረውና ፎቶግራፍ አንሥተው ይመዝግቡ። ይህ ቆጠራ ሳይጠናቀቅ ከግቢው የሚወጣ ብረት እንዳይኖር ይደረግ፤ አንዴ ወደ ጨረታ ከወጣ በኋላ ለቁራሌው ሚዛን የ1954 ሮለርና የትላንት ቆርቆሮ አንድ ናቸው። በተቻለ መጠን አንድ ሙሉ የ«ሚል» ረድፍ ከነጥርሱና ከነሞተሩ በቦታው ይቅር፤ ሌላው ቢሸጥም የተሸጠበት ገንዘብ የተወሰነው ክፍል ለዚሁ ጥበቃ ይዋል። የሠራተኛ ካርዶች፣ የደመወዝ መዝገቦች፣ የእርሻ ካርታዎችና የማኅበሩ ቃለ ጉባኤዎች ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም በወንጂ ወደሚዘጋጅ ደረቅ ክፍል ይሰብሰቡ፤ ሄግ ካለው መዝገብም ቅጂ እንዲመጣ በመንግሥት ደረጃ ይጠየቅ። የኦሮሚያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደግሞ የጂሌ ሽማግሌዎች ስለ መሬቱ የሚያስታውሱትን፣ አሮጌዎቹ ሠራተኞች ስለ ሥራው የሚያውቁትን በየቋንቋቸው ያስቀርጽ፤ ይህ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በከምባትኛ፣ በሐዲይኛና በወላይትኛ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚቸኩለው ይኸኛው ነው፤ ማሽን ቢዝግም ዓመታት ይቆያል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እገምታለሁ። የመጀመሪያው አገሪቱ ስኳር አጥታ በሰልፍ ላይ እያለች ስለ አሮጌ ብረት መነጋገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። የስኳር እጥረቱ እኔንም ያሳስበኛል፤ ይሁን እንጂ ለእጥረቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በቅርብ ዓመታት የተጀመሩ ፋብሪካዎች መጓተት መሆኑን ስናይ፣ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የሠራ ፋብሪካ እንዴት እንደተጠገነና እንደተመራ ማጥናት ለዛሬው ሥራ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የባዕዳን ኩባንያ ሐውልት ነው የሚል ነው። ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ የቆየው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን ያንቀሳቀሱት ከዚያ በእጅጉ ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ሐውልት ከተባለ የማን ሐውልት እንደሚሆን ከዓመቶቹ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

አባቴ ከሠራበት የ«ሚል» ክፍል ጡረታ የወጡ ጥቂት ሰዎች አሁንም በካምፑ አሉ። ባለፈው ጊዜ ሄጄ ስጠይቃቸው የሮለሮቹን ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዱን ችግርና የትኛው በየትኛው ክረምት እንደተቀየረ በቃላቸው ነገሩኝ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመው ነበር። የተናገሩትን በደብተር ይዤዋለሁ፤ የምዝገባው ኮሚቴ በሚቋቋምበት ቀን ደብተሩንም ሰዎቹንም ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
በወንጂ ካምፕ ያደግሁ የሠራተኛ ልጅ

ግልባጭ፦
ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን